የመጀመሪያው ፒኤልሲ የቱ ይሁን? አንድ ጥያቄና 32 ምላሾች

ጥያቄውን ያቀረበው በአንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ የጥገና ክፍል የሚሠራ፣ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ሙያ የተመረቀ ወጣት ነው። ኮንታክተርን (ሞተርን የሚያበራና የሚያጠፋ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ)፣ ኦቨርሎድንና ታይመርን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ፣ ትልቅ ሞተርን በሁለት ደረጃ የሚያስነሣውን የስታር ዴልታ ማስነሻንም ሥዕል ሳያይ መዘርጋት እንደሚችል ይገልጻል። ነገር ግን የማሸጊያው መስመር ሲቆምና የፓነሉ በር ሲከፈት፣ እስከ ፒኤልሲው (በተጻፈለት ፕሮግራም ማሽኑን የሚያዝዘው አነስተኛ ኮምፒውተር) ድረስ ያለውን ሁሉ መርምሮ ከጨረሰ በኋላ እጁን አጣጥፎ ከውጭ የሚጠራውን ባለሙያ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በራሱ ገንዘብ አንድ ፒኤልሲ ገዝቶ ቤቱ ሊለማመድ አስቧል። ያሉት አማራጮች አራት ናቸው፦ መርካቶ ያየው ያገለገለ የሲመንስ ኤስ7-200፣ አዲስ የሲመንስ ሎጎ፣ የአክስቱ ልጅ ከዱባይ ሲመለስ ሊያመጣለት ቃል የገባለት ኤስ7-1200፣ እንዲሁም የሚትሱቢሺን ኤፍኤክስ3ዩ አስመስሎ የተሠራ ርካሽ የቻይና ቦርድ። ላፕቶፑ አሮጌ ሲሆን ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ከአራቱ የትኛው እንደሚሻል፣ ወይም ምንም ሳይገዛ በሲሙሌተር (መሣሪያውን በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ሶፍትዌር) ብቻ መማር ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል።

ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው እዘግባለሁ። አብዛኛው ክርክር የተካሄደው በሣጥኑ ስም ላይ ነው። እኔ ግን ክሩን (ጥያቄውንና የምላሾቹን ሰንሰለት) አንብቤ ስጨርስ ጉዳዩን የወሰኑት ሶፍትዌሩና ሽቦው እንደሆኑ ተረድቻለሁ፤ የማስቀድመውም የማዘገየውም ከዚሁ በመነሣት ነው።

ቁጥር 1ን የጻፉት በስኳር ፋብሪካ የኢንስትሩመንት ክፍል ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ልጁን በአባትነት መርቀው፣ ከመግዛቱ በፊት በሚሠራበት ፋብሪካ ፓነሎች ውስጥ ምን እንዳለ አንድ በአንድ እንዲጽፍ አዘዙት። ቀጥለውም ፒኤልሲ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባዕድ ነገር እንዳልሆነ አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1968 የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ክፍል በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ትንሽ ማብሪያ) የተሞሉ ፓነሎቹን በየጊዜው እያፈረሰ መሥራት ሰልችቶት ምትክ ፈለገ። ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹም ሞዲኮን 084 የተባለውን መሣሪያ አቀረቡ፤ 084 መባሉም የድርጅታቸው 84ኛ ሥራ ስለነበረ ነው። ላደር የተባለው አጻጻፍ የተመረጠው የሪሌይ ሥዕል ማንበብ የሚችል ሠራተኛ ያለ ብዙ ትምህርት እንዲረዳው ተብሎ በመሆኑ፣ ስታር ዴልታን ያለ ሥዕል የሚዘረጋ ሰው መንገዱን አጋምሶታል ሲሉ አጽናኑት።

በቁጥር 2 ጠያቂው አመስግኖ ዝርዝሩን ይዞ ተመለሰ። የመሙያው ማሽን በኤስ7-300፣ የጠርሙስ መንፊያው በሚትሱቢሺ፣ የውኃ ማጣሪያው ክፍል ደግሞ በታይዋኑ ዴልታ ይሠራሉ። ይህ ዝርዝር የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ማሽኖቻቸውን ከተለያየ አገር በተለያየ ጊዜ የገዙ የአገራችን ፋብሪካዎች አብዛኞቹ እንዲህ የተደበላለቁ ናቸው። በዚህም ምክንያት ፋብሪካህ ያለውን ግዛ የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ብዙም አልረዳም።

ቁጥር 3 የሎጎ ወዳጅ ነው። በሕንፃዎች ውስጥ የውኃ ፓምፕና የጄኔሬተር መቀያየሪያ ሲሠራ የኖረው በሎጎ እንደሆነ፣ አንዱ ዓይነት 220 ቮልትን በቀጥታ ስለሚቀበል የተለየ ፓወር ሰፕላይ እንደማያስፈልገው፣ 8 ግቤት (የምልክት መቀበያ) እና 4 የሪሌይ ውጤት (የትእዛዝ ማውጫ) ያለው መሆኑን፣ ላፕቶፕ ባይኖር እንኳ በራሱ ስክሪንና ቁልፎች ፕሮግራም ማድረግ እንደሚቻል ዘረዘረ። ቁጥር 4 በትሕትና አረመው። ሎጎ ለሕንፃና ለትንንሽ ሥራ የተዘጋጀ የሎጂክ ሞጁል እንጂ ጠያቂው ፋብሪካ ውስጥ የሚጋፈጠው ዓይነት ፒኤልሲ አይደለም፤ በእሱ የተማረ ሰው የታይመርንና የካውንተርን አስተሳሰብ ቢያገኝም፣ የዳታ ዓይነቶችን፣ ፕሮግራምን በብሎክ መከፋፈልንና እየሠራ ካለ ማሽን ጋር ተገናኝቶ ስሕተት መፈለግን በሚገባው ስፋት አያገኝም አለ። ቁጥር 5 ላይ ሦስተኛው ጸሐፊ ቃናውን ለውጦ ተመለሰ፦ በሎጎ ዳቦውን የሚበላ ሰው እያለ ስለ ዳታ ዓይነት መመጻደቅ ከንቱ ነው የሚል መልእክት ነበረው። አራተኛው አልመለሰለትም፤ ጥሩ አደረገ፤ ሁለቱ የተነጋገሩት ስለተለያየ ሥራ ነበርና።

ቁጥር 6 በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በቴክኒሻንነት የምትሠራ ሴት ናት፤ ከሁሉም ይልቅ አጭርና ቁርጥ ያለ ነገር የተናገረችው እሷ ነች። ኤስ7-200ን አምራቹ ማምረት ካቆመ ቆይቷል፤ የሚሠራበት ማይክሮ ዊን የተባለው ሶፍትዌር የተዘጋጀው ለአሮጌ ዊንዶውስ ነው፤ መገናኛ ኬብሉም ለብቻው የሚገዛ ሲሆን ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቅጂ ነው። እሷ በምትሠራበት ቦታ እስከ ዛሬ የሚዞሩ ኤስ7-200ዎች ስላሉ እነሱን ለመንከባከብ ሲባል ብቻ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። እንዲህ ያለውን ሸክም ጀማሪ በገዛ ገንዘቡ እንዳይሸከም መከረች። ከዚህ በኋላ ኤስ7-200ን የደገፈ አልተገኘም።

ቁጥር 7 ኤስ7-1200ን አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ የበቃው ይህ ቤተሰብ ኤተርኔት አብሮት እንደሚመጣ፣ ትንሹ 1211ሲ 6 ግቤትና 4 ውጤት፣ 1214ሲ ደግሞ 14 ግቤትና 10 ውጤት እንዳላቸው፣ ሁለቱም 2 የአናሎግ ግቤት (መብራትና መጥፋትን ብቻ ሳይሆን መጠንን የሚያነብ) እንደሚጨምሩ፣ በዚህ የተማረ ሰው ወደ ኤስ7-1500 ለመሸጋገር እንደማይቸገር ገለጸ። ቁጥር 8 አንድ ነገር ብቻ አከለበት፤ ለእኔ ግን ከክሩ ጠቃሚ አንቀጾች አንዱ ነው። የኤስ7-1200 ዋናው ክፍል ላይ ያሉት የአናሎግ ግቤቶች የሚቀበሉት ከ0 እስከ 10 ቮልት ነው፤ በፋብሪካ ውስጥ ያለው የግፊትና የደረጃ መለኪያ አብዛኛው ግን የሚልከው ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ነው። የ500 ኦም ሬዚስተር በግቤቱ ላይ ሲታሰር ያ ጅረት ከ2 እስከ 10 ቮልት ይሆናል። ፒኤልሲው 10 ቮልትን 27648 ብሎ ስለሚቆጥር፣ ባዶ ታንከር 5530 ገደማ፣ ሙሉው 27648 ሆኖ ይነበባል። ቁጥሩ ከ5530 በጣም ወርዶ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ሳይሆን ሽቦው ተበጥሶ ነው። የመለኪያው መነሻ ከ0 ሳይሆን ከ4 ሚሊ አምፔር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጸሐፊው ይህን ካስረዳ በኋላ ጠያቂው 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ የኤስ7-1200 ፕሮግራም የሚጻፍበትን ቲአይኤ ፖርታልን መክፈት እንደማይሆንለት፣ ለአዳዲሶቹ እትሞች 16 ጊጋባይት እንደሚመከር አስታወሰው። እንግዲህ ከዱባይ የሚመጣው መሣሪያ ሁለተኛ ላፕቶፕ አስከትሎ ነው የሚመጣው።

ቁጥር 9 የአራተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነው። ጨርሶ አትግዛ ባይ ነው። ኮዴሲስ የተባለው የጀርመን ሶፍትዌር የማበልጸጊያ ክፍሉ በነፃ እንደሚገኝ፣ ፕሮግራሙን ላፕቶፑ ላይ እንደ ፒኤልሲ ማስኬድ እንደሚቻልና በየሁለት ሰዓቱ ቢቆምም እንደገና ማስነሣት ችግር እንደሌለው ገለጸ። በአይኢሲ 61131-3፣ ማለትም በፒኤልሲ ቋንቋዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የተደነገጉትን ላደርን፣ ፈንክሽን ብሎክን፣ ስትራክቸርድ ቴክስትንና የቅደም ተከተል ቻርትን በአንድ ቦታ መማር ይቻላል። ፋክትሪ አይኦ ከተባለው የፋብሪካ ማስመሰያ ሶፍትዌር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ማጓጓዣ ቀበቶና ሣጥን በሦስት አውታር ስክሪኑ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ እሱ ራሱ የተማረው እንዲሁ ነው።

ቁጥር 10 ክሩን አጋለው። ጸሐፊው የጥገና ኃላፊ ሲሆን፣ በስክሪን ብቻ የተማረ ምሩቅ ተቀብሎ የደረሰበትን ተረከ። ምሩቁ ላደርን አቀላጥፎ ያነባል። ማሽኑ ሲቆም ላፕቶፑን ሰክቶ አንድ ሙሉ ፈረቃ በፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ ዋለ። በመጨረሻ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መልቲሜትር ይዞ መጥቶ የሴንሰሮቹ የ24 ቮልት ፊውዝ መቃጠሉን አገኘ። ሲሙሌተር ውስጥ ፊውዝ አይቃጠልም፣ ተርሚናል አይላላም፣ ሴንሰር አቧራ አይለብስም ሲል ጸሐፊው ደመደመና፣ በዚህ መንገድ የሚማር ሰው ቴክኒሻን ሳይሆን ተመልካች ነው የሚል ስድብ ጨመረበት። ተማሪው በቁጥር 11 የሰጠው መልስም የዋዛ አልነበረም። በእጅ ብቻ የተማሩት ደግሞ አንዱን ውጤት፣ ዋይ0ን፣ በሁለት መስመር ላይ ጽፈው የላይኛው ለምን እንደማይሠራ ሳይገባቸው መሣሪያውን ተበላሽቷል ይላሉ አለ። ፒኤልሲ በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ ግቤቶቹን ያነባል፣ ከዚያ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ይሠራል፣ ውጤቶቹን የሚያወጣው በመጨረሻ ስለሆነ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው የታችኛው መስመር የተናገረው ብቻ ነው። ይህን ለማየት ሲሙሌተር በቂ ነው፤ ምንም አይቃጠልም። በእኔ ግምት ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ የተናደዱት አንዳቸው የሌላውን ግማሽ ስላላነበቡ ነው።

ቁጥር 12 አንድ ሰው የቲአይኤ ፖርታልን ክራክ (ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ) በፍላሽ እንደሚሰጥ፣ አዲስ አበባ ከሆነ በአካል ሊያደርስለት እንደሚችል በደስታ አቀረበ። ቁጥር 13 ተቆጣ። የማሽን መቆጣጠሪያ በሚከፈትበት ኮምፒውተር ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፋይል መጫን ሌብነት ብቻ ሳይሆን ሞኝነትም ነው፤ ያው ላፕቶፕ ነገ ፋብሪካው ውስጥ ይሰካልና ሲል ጻፈ። አክሎም አንድ ፕሮጀክት በአዲስ እትም ከተቀመጠ በአሮጌው እትም ስለማይከፈት፣ በክራክ የሚኖር ሰው ዕድሜ ልኩን ክራክ ፈላጊ ሆኖ ይቀራል አለ። ቁጥር 14 ለአቅራቢው ጠበቃ ቆመ፦ በውጭ ምንዛሬ የሚከፈል ፈቃድ ከመጀመሪያውም ሩቅ ነበር፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የቴክኒሻን ደመወዝ ያለው ሰው ስለ ሕጋዊ ፈቃድ ስብከት መስማት አይችልም የሚል ነው። እውነት አለው፤ ነገር ግን ክርክሩ በዚያው ቢቀር ኖሮ ጠያቂው ምንም ይዞ አይወጣም ነበር።

ክሩን ያተረፈው ቁጥር 15 ነው። ይህ ጸሐፊ ማንንም ሳይወቅስ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ሶፍትዌሩ በነፃና በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ የትኛው ነው ከሚለው ተነሥቶ ወደ መሣሪያው ሄደ። የቲአይኤ ፖርታል የሙከራ ፈቃድ 21 ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ ትምህርት ደግሞ የለም። የሽናይደር ሞዲኮን ኤም221 የሚሠራበት ማሽን ኤክስፐርት ቤዚክ ያለ ክፍያ ይወርዳል፣ ሲሙሌተሩም በውስጡ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ትምህርቱ ሊጀመር ይችላል። የዴልታ ደብሊውፒኤልሶፍትና አይኤስፒሶፍትም እንዲሁ ነፃ ናቸው፤ የመጀመሪያው በጣም ቀላል ስለሆነ የጠያቂው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የሮክዌል ማይክሮ800 ቤተሰብም ነፃ እትም አለው። ጸሐፊው ዝርዝሩን ሲጨርስ ጠያቂውን በየትኛው ላይ በየቀኑ መቀመጥ ትችላለህ ብሎ ጠየቀው። ከዚህ የተሻለ መመዘኛ በክሩ ውስጥ አላገኘሁም።

ቁጥር 16 ከአሜሪካ የተላከ ነው። ጸሐፊው በአንድ ትልቅ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን በጥገና ሥራ ላይ ያለ ወገን ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ የሥራ ማስታወቂያ ላይ በብዛት የሚጠየቀው የሮክዌል አለን ብራድሊ እንደሆነ፣ ሙሉው ሶፍትዌር ግን እጅግ ውድ ስለሆነ ጀማሪዎች ሶፍትዌሩ ነፃ ወደሆነው የኦቶሜሽን ዳይሬክት ክሊክ እንደሚያዘነብሉ ጻፈ። ቁጥር 17 በአክብሮት፣ ትንሽም በስላቅ፣ ምክሩ ሲያትል ላለ ሰው እንደሚጠቅም ተናገረ፤ እዚህ ያ ሣጥን ቢበላሽ መለዋወጫውን የሚያውቀው አይገኝምና። እሱ ራሱ ያነሣው የዴልታን ዲቪፒ-20ኤስኤክስ2 ነው፦ 8 ዲጂታል ግቤት፣ 6 ዲጂታል ውጤት፣ 4 የአናሎግ ግቤትና 2 የአናሎግ ውጤት አለው፤ አናሎጉ ቮልትንም ሚሊ አምፔርንም ስለሚቀበል በቁጥር 8 የተጠቀሰው ሬዚስተር አያስፈልገውም። የዩኤስቢ ቀዳዳ ስላለው ደግሞ ከሴሪያል መቀየሪያ ኬብልና ከድራይቨር ጣጣ ያድናል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተንሸራተተ። ቁጥር 18 ከእስራኤል የጻፈ ሲሆን፣ እዚያው የሚመረተው ዩኒትሮኒክስ ፒኤልሲውንና ስክሪኑን በአንድ አካል ስለያዘና ሶፍትዌሩ ነፃ ስለሆነ ለመማሪያ ተስማሚ መሆኑን ገለጸ። ሐሳቡ ከርዕሱ አልወጣም ነበር፤ ቁጥር 19 ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በፔንስልቬንያ አሊኩዊፓ የውኃ ባለሥልጣን ውስጥ ይኸው ዓይነት መሣሪያ በሰርጎ ገቦች መያዙን አነሣ። የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ያን ጊዜ ካወጣቸው ምክሮች ቀዳሚው 1111 የሆነውን የፋብሪካ የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ መሣሪያውንም ከኢንተርኔት አውጡ የሚል ነበር። ቁጥር 20 እ.ኤ.አ. ወደ 2010ሩ ስታክስኔት ተሻገረ፤ ያ ቫይረስ የሲመንስን የፕሮግራም ማዘጋጃ ኮምፒውተሮች አልፎ ፒኤልሲዎቹን እንደነካ በሰፊው ተረከ። ሁሉም እውነት ነው፤ ጀማሪው ግን ገና የመጀመሪያ መብራቱን አላበራም። በቁጥር 21 አንጋፋው ባለሙያ ተመልሰው፣ ልጁ የጠየቀው ዳቦ ስለ መጋገር እንጂ ስለ ወፍጮ ቤቱ ቁልፍ አይደለም ብለው ሁሉንም ወደ ጉዳዩ መለሱ። ቁጥር 22ም የቀረውን አራተኛ አማራጭ አነሣ። የቻይናው ቦርድ እንደሚሠራ፣ ነገር ግን የኦሪጂናሉን ትእዛዞች ሁሉ እንደማይቀበልና መመሪያው የተሟላ ባለመሆኑ፣ ጀማሪ አንድ ነገር ሲከሽፍበት ጥፋቱ የራሱ ይሁን የቦርዱ መለየት እንደማይችል ተናገረ። ለሚያውቅ ሰው ርካሽ፣ ለማያውቅ ግን ውድ ነው ማለቱ ነበር።

በቁጥር 23 ጠያቂው ውሳኔውን አሳወቀ። በማጣሪያው ክፍል ያለው ዴልታ ስለሆነና ላፕቶፑም ስለሚችለው ኤስኤክስ2ን፣ ከ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ ከሁለት ፑሽ በተን፣ ከሦስት ትንንሽ ኮንታክተርና ከአንድ ፕሮክሲሚቲ (ብረት ሲቀርበው የሚነቃ) ሴንሰር ጋር ገዛ። ይህን ሲጽፍ መጀመሪያ የሠራው ሞተር ማስነሻና ማቆሚያ ያልታሰበ ነገር እንዳሳየው ገለጸ፦ የማቆሚያውን ቁልፍ እንደለመደው በኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይነካ ጅረት በሚያሳልፍ ኮንታክት) አሰረው፣ በፕሮግራሙም ውስጥ የኖርማሊ ክሎዝድ ምልክት አስገባ፤ ሞተሩ የሚነሣው ግን የማቆሚያውን ቁልፍ ተጭኖ ከያዘ ብቻ ሆነ።

ቁጥር 24 የሰጠው ማብራሪያ ለእያንዳንዱ ጀማሪ ሊነገር የሚገባው ነው። ላደር ላይ ያለው ምልክት ቁልፉን አይመስልም፤ የሚጠይቀው ግቤቱ ላይ ቮልቴጅ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። በኖርማሊ ክሎዝድ የታሰረ ቁልፍ ሳይነካ ጅረት ያሳልፋል፤ ስለዚህ የማቆሚያው ግቤት ኤክስ1 ቁልፉ እስካልተጫነ ድረስ 1 ነው። የኖርማሊ ክሎዝድ ምልክት ደግሞ ግቤቱ 1 ሲሆን መንገዱን ያቋርጣል። ማቆሚያው በሽቦ ኖርማሊ ክሎዝድ ከሆነ በፕሮግራሙ የሚሳለው ኖርማሊ ኦፕን (ግቤቱ 1 ሲሆን የሚያሳልፍ ምልክት) ነው፦ ኤክስ0 ማስነሻ፣ ከጎኑ በትይዩ ዋይ0 ራሱን እንዲይዝ፣ ከዚያ በተከታታይ ኤክስ1፣ መጨረሻ ላይ ዋይ0። ብዙዎች ግራ መጋባቱን ለመሸሽ ቁልፉን ራሱን በኖርማሊ ኦፕን ይቀይሩታል። ያኔ ሽቦው ቢበጠስ ሞተሩን ማቆም የሚችል አይኖርም፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ማቆም በተፈለገባት ቅጽበት ነው። በኖርማሊ ክሎዝድ ሲሆን ግን የተበጠሰ ሽቦ ሞተሩን ራሱ ያቆመዋል።

ቁጥር 25 በዚህ ላይ አንድ እርማት አስከተለ፤ አነጋገሩም ጠንከር ያለ ነበር። ይህ ስለ ተራ ማቆሚያ ይሁን እንጂ ኢመርጀንሲ ስቶፕን በፕሮግራም ብቻ የሚያቆም ሰው ሰው ሊገድል እንደሚችል ይወቅ አለ። የፒኤልሲው ውጤት ራሱ ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል፣ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ የኮንታክተሮቹን የጥቅል ሽቦ (ኮይል) ኃይል በሽቦ፣ በሴፍቲ ሪሌይ በኩል መቁረጥ አለበት፤ ፒኤልሲው የሚደርሰው መረጃው ብቻ ነው። ስታር ዴልታውን ለሚሠራበት ጊዜም ተመሳሳይ ማሳሰቢያ አከለ። የፕሮግራሙ አንድ ዙር ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ሲፈጅ ኮንታክተር ለመለቀቅ ከዚያ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ስታሩ ሳይለቅ ዴልታው እንዳይገባ በፕሮግራም የጊዜ ክፍተት መስጠት፣ በተጨማሪም በረዳት ኮንታክቶች በሽቦ መቆላለፍ ያስፈልጋል። ጠያቂው ይህን የሚያውቀው ነገር ስለነበረ ያለ ችግር ተቀበለው።

በቁጥር 26 አዲስ ችግር ይዞ መጣ። ስታር ዴልታው ሠርቷል፤ ፕሮክሲሚቲ ሴንሰሩ ግን ብረት ሲቀርበው የራሱ መብራት ይበራል፣ የታሰረበት ግቤት ኤክስ2 አይበራም። ቁጥር 27 ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ቀይረው ሲል ፈጥኖ መለሰ። ቁጥር 28 አስቆመው፤ መብራቱ ከበራ ሴንሰሩ ሥራውን እየሠራ ነውና። ጸሐፊው የሴንሰሩን መለያ እንዲያነብ ጠየቀና ኤንፒኤን መሆኑ ሲታወቅ ነገሩን አብራራ፦ ኤንፒኤን ሴንሰር ሲነቃ ግቤቱን ወደ 0 ቮልት ይጎትታል፤ ፒኤንፒ ደግሞ 24 ቮልት ይልክለታል። ዴልታ ላይ የግቤቶቹ የጋራ ተርሚናል ኤስ/ኤስ ይባላል። እሱ ከ0 ቮልት ጋር ከታሰረ ፒኤንፒን ይቀበላል፣ ከ24 ቮልት ጋር ከታሰረ ኤንፒኤንን። ጠያቂው ከ0 ቮልት ጋር አስሮት ስለነበር ጅረቱ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። በቁጥር 29 ጠያቂው ኤስ/ኤስን ወደ 24 ቮልት ማዛወሩን፣ ኤክስ2 መብራቱን፣ ነገር ግን ሁለቱም ፑሽ በተኖች በዚያው መሞታቸውን ጻፈ። ተርሚናሉ የስምንቱም ግቤቶች የጋራ ስለሆነ፣ ወደ 24 ቮልት ታስረው የነበሩት ቁልፎች አሁን ወደ 0 ቮልት መታሰር ነበረባቸው፤ ይህንንም ከመጠየቁ በፊት ራሱ ደርሶበታል።

ቁጥር 30 ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ቴክኒሻን ተመለሰች። ቁልፎቹን ከማዛወር ይልቅ ሴንሰሩን በፒኤንፒ ቀይሮ ኤስ/ኤስን ወደ ነበረበት ቢመልስ እንደሚሻል መከረች። ምክንያቷም የልማድ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ የሴንሰር ሽቦ በማሽኑ አካል ላይ እየተፋተገ ይላጣል። ግንኙነቱ በኤንፒኤን ከሆነና 0 ቮልቱ ከመሬት ጋር ከተያያዘ፣ የተላጠው የምልክት ሽቦ የማሽኑን ብረት ሲነካ ፒኤልሲው ሴንሰሩ እንደነቃ አድርጎ ያነበዋል፤ ያልታሰበ እንቅስቃሴም ሊጀምር ይችላል። በፒኤንፒ ግን ያው ንክኪ ግቤቱን አያነሣውም፤ ሴንሰሩ ሲነቃ ደግሞ ወይ ፊውዙ ይሄዳል ወይ ምልክቱ ይጠፋል፣ ማሽኑም ባለበት ይቆማል። በአውሮፓ በተሠሩ ማሽኖች ላይ ፒኤንፒ የሚበዛው፣ ከእስያ በሚመጡት ላይ ደግሞ ኤንፒኤን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በመሆኑ፣ ጠያቂው በፋብሪካው ሁለቱንም ማግኘቱ እንደማይቀር አከለች።

በቁጥር 31 የቁጥር 10 ጸሐፊ፣ በዚህ ጊዜ ስድብ ሳይጨምር፣ ክርክሯ የሚጸናው 0 ቮልቱ በእርግጥ ከመሬት ጋር ከተያያዘ ብቻ መሆኑን አስታወሰ። ካልተያያዘ የመጀመሪያው ንክኪ ምንም አያሳይም፤ ሁለተኛው ሲጨመር ግን ማንም ሊገምተው የማይችል ነገር ይፈጠራል፤ ስለዚህ ያልተያያዘው የባሰ ነው አለ። ጠያቂው በማጣሪያው ክፍል ያለው ፓነል የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንዴት እንደሚያውቅ ሲጠይቅ፣ ቁጥር 32 የመጨረሻውን መልስ ሰጠው፦ በፓነሉ ሥዕል የኃይል ማከፋፈያ ገጽ ላይ ከፓወር ሰፕላዩ 0 ቮልት ወደ መሬት ተርሚናል የተሳለ መስመር መኖሩን ይመልከት፤ ሥዕሉ ከሌለ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶና ቆልፎ፣ ኃይል አለመኖሩንም አረጋግጦ፣ በ0 ቮልትና በመሬት ተርሚናሉ መካከል በመልቲሜትር ኦሙን ይለካ፤ ያገኘውንም በፓነሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፍ።